«በስልክ አይወራም» የምንልበት ዘመን ይብቃ



«ይህን በስልክ አናውራው፤ ስንገናኝ እነግርሃለሁ።» ይህን ቃል ያላለ ወይም ያልሰማ የከተማ ነዋሪ አለ ብለን አናምንም። ቃሉ የሚነገረው ለከባድ ምስጢር ብቻ አይደለም። ወንድም ለወንድሙ ስለ ቤት ኪራይ ሲያማርር፣ መምህር ከባልደረባው ጋር ስለ ደመወዝ ሲነጋገር፣ እናት ውጭ አገር ላለ ልጇ የሰፈሩን ሁኔታ ስትነግር ጭምር ነው። ታክሲ ውስጥ ስለ ኑሮ ውድነት የተጀመረ ጨዋታ ወደ መንግሥት ዞር ሲል ድምፅ ዝቅ ይላል። ካፌ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከመናገሩ በፊት ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ ገልመጥ ይላል። ሽማግሌዎቻችን «ሆድ ይፍጀው» ይላሉ፤ ስንት ነገር ሆድ እንደፈጀው የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ብዙዎች ይህን እንደ ተፈጥሯዊ ጠባያችን ይቆጥሩታል። «ሐበሻ ድብቅ ነው» ይባላል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ይህ ጠባይ በየዘመኑ የመጡ መንግሥታት ያስተማሩን ትምህርት ነው። የተማርነውን ደግሞ መርሳት እንችላለን። ለዚህም ነው በዚህ ምርጫ ስለ መንገድ፣ ስለ ሥራና ስለ ቤት ከምናቀርበው አማራጭ ጎን ለጎን፣ መንግሥት ዜጋን ስለሚከታተልበት፣ ስለሚያዳምጥበትና ስለሚበረብርበት ሥልጣን ያለንን አቋም በግልጽ ልንነግራችሁ የወደድነው።

ፍርሃቱ መሠረት አለው

በንጉሡ ዘመን «ጆሮ ጠቢ» የሚለው ቃል በየመሸታ ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ይታወቅ ነበር። ደርግ ሲመጣ ጆሮ ጠቢው በቀበሌ ተደራጀ። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው የቤት ለቤት አሰሳ አብዮት ጠባቂው ፍራሽ እየገለበጠ ወረቀትና መሣሪያ ፈለገ። አንድ በራሪ ጽሑፍ ወይም አንድ የጽሕፈት መኪና የሰው ሕይወት ያስከፍል ነበር። ስኳር የሚያከፋፍለውና መታወቂያ የሚሰጠው ቀበሌ ማን ከማን ጋር እንደዋለ የሚመዘግብም ሆነ።

ኢሕአዴግ ይህን ቅርስ አልጣለውም፤ አዘመነው። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ፣ በሰኔ ወር፣ የሞባይል አጭር መልእክት አገልግሎት ተቋረጠ። የተመለሰው በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ዜጎች የከፈሉበትን አገልግሎት አጡ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 የደህንነት መሥሪያ ቤቱ በፍርድ ቤት ፈቃድ ስልክ፣ ፋክስ፣ ኢንተርኔትና ፖስታ እንዲጠልፍ ሥልጣን ሰጠው። ይህ ብቻውን ባልከፋ። ያው አዋጅ የደህንነት ሪፖርት ምንጩና የተገኘበት ዘዴ ሳይገለጽ በፍርድ ቤት በማስረጃነት እንዲቀርብ ፈቀደ። ተከሳሹ ማን እንደመሰከረበት፣ እንዴት እንደተሰማ ሳያውቅ ይፈረድበት ማለት ነው። «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀትም ጎረቤትን በጎረቤት፣ ተማሪን በተማሪ ማስጠበቂያ ሆኖ አገለገለ።

በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የታሰሩትን የዞን ዘጠኝ ጦማርያን የክስ መዝገብ ያስታውሷል። በክሱ ከተዘረዘሩት ነገሮች አንዱ ኮምፒውተርንና ስልክን ከጠለፋ ስለ መጠበቅ መሠልጠናቸው ነበር። ቤቱን የቆለፈ ሰው «ለምን ቆለፍክ?» ተብሎ እንደ መከሰስ ነው። ገሚሶቹ ክሳቸው ተቋርጦ፣ ቀሪዎቹም በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ በፍርድ ቤት ነፃ ተብለው ወጡ፤ ነገር ግን ከአንድ ዓመት በላይ የታሰሩበትን ዕድሜ የሚመልስላቸው አልነበረም።

ክትትሉ በአገር ድንበርም አልቆመም። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2005፣ በ2006 እና በ2010 ዓ.ም. ባወጧቸው ጥናቶች፣ ከአውሮፓና ከእስራኤል ኩባንያዎች የተገዙ የስለላ ሶፍትዌሮች በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞችና የፖለቲካ ሰዎች ኮምፒውተር ላይ እንዴት እንደተጫኑ አሳይተዋል። በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ኮምፒውተሬ ተጠልፎ የስካይፕ ጥሪዎቼ ተቀድተዋል ብሎ የኢትዮጵያን መንግሥት በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት አለው በማለት መዝገቡን ዘጋው። ሰውየው በአገሩ መክሰስ አልቻለም፤ በተሰደደበትም የሚሰማው አላገኘም።

በ2010 ዓ.ም. ተስፋ ታየ። ተዘግተው የነበሩ ከ200 በላይ ድረ ገጾች ተከፈቱ። ማዕከላዊ ተዘጋ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በምክር ቤት ቆመው መንግሥት በእስረኞች ላይ ግፍ ይፈጽም እንደነበር አመኑ። አዋጅ ቁጥር 652ም በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተካ። እነዚህን እርምጃዎች ተገቢ ነበሩ ብለን እናምናለን፤ መልካሙን መልካም ማለት ያስፈልጋል። ነገር ግን ሰው ተቀየረ እንጂ ሥልጣኑ አልተገራም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. አገር በሐዘን ውስጥ እያለች ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የትግራይ ሕዝብ ስልክ፣ ኢንተርኔትና ባንክ ተቋርጦበት የዘመድ መርዶ እንኳ በወራት ዘግይቶ የደረሰበት ጊዜ አለፈ። በ2014 ዓ.ም. በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በአዲስ አበባ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ቤት ተፈተሸ፤ አከራዮች ተከራዮቻቸውን ለፖሊስ እንዲያስመዘግቡ ታዘዙ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል ከተሞች ነዋሪዎች የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋባቸው። የዘመኑ ስም ይለዋወጣል፤ የመዝጊያው ቁልፍ ግን በዚያው እጅ ነው።

የጸጥታው ጉዳይ ቀልድ አይደለም

እዚህ ላይ ተቃዋሚ ስለሆንን ብቻ የአገርን ደህንነት እናቃልላለን ተብሎ እንዳይታሰብ። አደጋው እውነተኛ ነው። በ1988 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሆቴሎች ላይ የፈነዳውን ቦምብ፣ ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተጣለውን የእጅ ቦምብ፣ ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ የተፈጸመውን ግድያ አልረሳንም። በጦርነትና በግጭት የረገፈው ወገናችን ብዙ ነው። በባንክ ሒሳብና በሞባይል ገንዘብ የሚሰርቀው ወንበዴም በየቀኑ ከእኛው ኪስ ይወስዳል። መንግሥት እነዚህን የሚከላከል ብቁ የደህንነት ተቋም ሊኖረው ይገባል። ይፍረስ አንልም። ሥራውን የሚያውቅ የመረጃ ሠራተኛ የአገር ባለውለታ ነው።

ጥያቄያችን ሌላ ነው። ጋዜጠኛ፣ የመብት ተሟጋችና የተቃዋሚ አባል ሲያዳምጥ የዋለ ጆሮ፣ ቦምብ የሚያዘጋጀውን ለመስማት መቼ ጊዜ ያገኛል? አደጋን አስቀድሞ ከሚያከሽፉት መሣሪያዎች አንዱ የዜጋ ጥቆማ ነው። የሚጠቁመው ደግሞ ፖሊስን የማይፈራ ዜጋ ነው። ጣቢያ ሄዶ «እገሌ ቤት አጠራጣሪ ነገር አየሁ» ለማለት የሚፈራ ሰው በበዛበት ከተማ፣ ምንም ያህል ካሜራ በመንገድ ዳር ቢተከል ጸጥታው አስተማማኝ አይሆንም።

ከዚህም በላይ የቅርብ ታሪካችን ራሱ ይመሰክራል። ኢሕአዴግ ስልኩም፣ ኢንተርኔቱም፣ ቀበሌውም በእጁ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት የተወሰኑ የውጭ ቴሌቪዥን ጣቢያዎችን ማየትና እጅን ከራስ በላይ ማጣመር ተከለከለ፤ መንግሥት ራሱ ባመነው ቁጥር ከ20 ሺህ በላይ ሰው ታሰረ። ሁሉን ያዳምጥ የነበረው ያ መንግሥት ሕዝቡ የሚለውን ግን አልሰማም። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ አመራሩ ሥልጣን ለመልቀቅ ተገደደ። ስለላ መንግሥትን እንኳ አላዳነም፤ አገርን እንዴት ያድናል?

ሕጉ አለ፤ ጠባቂው የለም

የደብዳቤ ምስጢር መከበር ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን ሕግ ከሚፈቅደው ውጭ የዜጎች የደብዳቤ ምስጢር እንዳይደፈር ደንግጎ ነበር። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥትም መርሁን አጽንቶታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ደግሞ የማንም ሰው መኖሪያ፣ ሰውነትና ንብረት ከብርበራ የተጠበቀ መሆኑን፣ በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት እንደማይደፈር ይናገራል። ገደብ ሊጣል የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና በዝርዝር ሕግ ብቻ ነው።

ታዲያ ጉድለቱ የት ነው? ጉድለቱ «በዝርዝር ሕግ» የተባለው በር እየሰፋ መሄዱ ላይ ነው። ለምሳሌ በ2008 ዓ.ም. የወጣውን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 እንመልከት። አገልግሎት ሰጪዎች ማን ከማን ጋር፣ መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን መረጃ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ አዘዘ። አስቸኳይ ነው ሲባልም ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ጠለፋ እንዲፈቅድና ምክንያቱን በ48 ሰዓት ውስጥ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት እንዲያቀርብ ፈቀደ። ከሳሹ ራሱ ፈቃጅ ሆነ ማለት ነው። ዳኛው የሚጠየቀው ጆሮው ከገባ በኋላ ነው።

ሌላው ጉድለት ዝምታው ነው። በዓመት የስንት ሰው ስልክ በፍርድ ቤት ፈቃድ እንደተጠለፈ፣ ስንት ጥያቄ ውድቅ እንደተደረገ፣ ከተጠለፉትም ስንቱ ጥፋተኛ ሆኖ እንደተገኘ ለሕዝብ በይፋ ሲነገር ሰምተን አናውቅም። የተጠለፈው ሰው ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ማንም «ይቅርታ፣ ሰምተንህ ነበር» አይለውም። ያላወቀውን በደል ደግሞ ማን ይከስበታል?

ሦስተኛው አዲሱ ዘመን ያመጣው ነው። ዛሬ በፋይዳ መታወቂያ የአሥር ጣታችን አሻራ፣ የዓይናችን ብሌንና የፊታችን ምስል በአንድ ቋት ተመዝግቧል። ገንዘባችን በቴሌብርና በባንክ መተግበሪያ ይንቀሳቀሳል። ዲጂታል መታወቂያን አንቃወምም። ደሃው ሰው ያለ ደጅ ጥናት የባንክ ሒሳብ እንዲከፍት የሚረዳ መልካም ሥራ ነው። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መውጣቱም ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ መረጃ ያለ ዳኛ ፈቃድ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ ሊሻገር ከቻለ፣ የ1969ኙ አሳሽ ፍራሽ መገልበጥ አያስፈልገውም። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሁሉንም ያገኘዋል።

ሁለት ክርክሮችና መልሳችን

«የሚደብቀው የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል?» የሚሉን አሉ። የሚደብቅ ነገር የሌለው ሰው የለም። የታመመ ሰው ሕመሙን፣ ነጋዴ የዋጋ ስሌቱን፣ ምእመን ለንስሐ አባቱ የነገረውን፣ ደንበኛ ለጠበቃው ያዋየውን ይደብቃል። ይህ ወንጀል ሳይሆን ክብር ነው። ደግሞም ወንጀል የሚባለው ነገር ከዘመን ዘመን ሲለዋወጥ አይተናል። ትናንት በአንድ መንግሥት የተሸለመበት ንግግር ነገ በሌላው ያሳስራል። ዛሬ ያለ ስጋት የተናገራችሁት በቋት ውስጥ ተቀምጦ የነገውን ሹም ይጠብቃል።

«አሜሪካም ታደርገዋለች» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ አድርጋለች። ከ1994 ዓ.ም. የሽብር ጥቃት በኋላ የአሜሪካ መንግሥት የዜጎቹን የስልክ ጥሪ መዝገብ በጅምላ ሰብስቧል። በ2005 ዓ.ም. ኤድዋርድ ስኖውደን ይህን ሲያጋልጥ ግን ጋዜጦች ጻፉ፣ ፍርድ ቤት ድርጊቱ ከሕግ ውጭ ነው አለ፣ ምክር ቤቱም በ2007 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ የጅምላ ስብሰባውን አስቆመ። እኛም ይህን የመጠየቂያ መንገድ ነው የምንሻው። ስህተታቸውን ቀድተን መታረሚያውን መተው አይበጀንም።

ከአፍሪካም ምሳሌ አለን። በጥር 2012 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በቂ የሕግ ጥበቃ ሳይኖር የዲጂታል መታወቂያ ምዝገባው እንዳይቀጥል፣ ዘረ መልም እንዳይሰበሰብ ወሰነ። በጥር 2013 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ደግሞ የአገሪቱ የጠለፋ ሕግ ጉድለት አለበት ብሎ ፈረደ። የተጠለፈው ሰው ኋላ እንዲያውቅ ስለማያደርግ፣ የጋዜጠኛና የጠበቃ ምስጢርም በቂ ጥበቃ ስላልተሰጠው ነው። ሁለቱም አገሮች ሽብርም ወንጀልም ያለባቸው ናቸው። ፍርዱ ግን አላፈረሳቸውም።

ብንመረጥ የምንሠራው

ድምፃችሁን ብትሰጡን የሚከተሉትን በሕግ እናጸናለን፤

1. ማንኛውም የስልክ፣ የመልእክትና የኢንተርኔት ጠለፋ የሚፈጸመው በቅድሚያ በዳኛ ትዕዛዝ ብቻ ይሆናል። ትዕዛዙ የተጠርጣሪውን ማንነት፣ ምክንያቱንና የሚያበቃበትን ቀን ይገልጻል። ለዚህም ሌሊትና በዓል ሳይል ተረኛ ዳኛ ይመደባል፤ «አስቸኳይ ነበር» የሚል ሰበብ አይኖርም።

2. የተጠለፈ ሰው ምርመራው ካበቃ በኋላ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ይነገረዋል። ያለ አግባብ ከሆነም ካሣ ይጠይቃል።

3. ምንጩንና ዘዴውን የደበቀ የደህንነት ሪፖርት ብቻውን ማንንም አያስቀጣም።

4. በመንገድ ፍተሻ ላይ ፖሊስ መሣሪያ ሊፈትሽ ይችላል። የዜጋን ስልክ አስከፍቶ መልእክትና ፎቶ ማየት ግን እንደ ቤት ብርበራ ተቆጥሮ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይጠይቃል።

5. ኢንተርኔትና ስልክ በቃል ትዕዛዝ አይዘጋም። ለተወሰነ ቦታና ለአጭር ጊዜ መገደብ ካስፈለገ መንግሥት ለፍርድ ቤት ያስረዳል፤ ትዕዛዙም ለሕዝብ ይገለጻል።

6. የፋይዳና የባንክ መረጃ ለደህንነት ሥራ የሚሰጠው በየሰዉ በተሰጠ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ እንጂ በጅምላ አይሆንም። መረጃችንን የሚጠብቀውም ከአስፈጻሚው ነፃ የሆነ ተቋም ይሆናል።

7. የደህንነት ተቋማትን የሚቆጣጠር የምክር ቤት ኮሚቴ ይቋቋማል። ሰብሳቢው ከተቃዋሚ ወገን ይሆናል። በየዓመቱም የጠለፋ ፈቃዶችን ቁጥር ለሕዝብ ያሳውቃል።

ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም አንልም። አንዳንድ ምርመራ ይዘገያል። አንዳንድ ተጠርጣሪ ማስረጃው በሕገ ወጥ መንገድ ስለተገኘ ይለቀቃል፤ ያኔ ሕዝብ ይቆጣል፣ እኛም እንወቀሳለን። ይህን አውቀን ነው ቃል የምንገባው።

እኛንም አትመኑን

በመጨረሻ አንድ እውነት እንንገራችሁ። ዛሬ በተቃዋሚነት የምንደመጥ፣ ስብሰባችን የሚታይብን እኛ ነን። ነገ ሥልጣን ብንይዝ ያው ቁልፍ በእጃችን ይገባል። አንድ የደህንነት ኃላፊ ጠዋት መጥቶ «ተቃዋሚዎቻችሁ ትናንት ማታ ምን እንዳወሩ ልንገራችሁ?» ቢለን፣ ጆሯችንን የምንይዝ ቅዱሳን ነን ብለን አንመካም። ሥልጣን ከመያዛቸው በፊት ስለ ነፃነት የጻፉ ስንቶች ከያዙ በኋላ ምን እንደሆኑ አይታችኋል። ስለዚህ በጎነታችንን እመኑ አንላችሁም። እጃችንን የሚያስር ሕግ፣ የሚጠይቀን ምክር ቤት፣ «አይሆንም» የሚለን ዳኛ እንዲኖር ድምፃችሁን ስጡ ነው የምንለው።

አያቶቻችን በጉልበት የመጣባቸውን ሰው «በሕግ አምላክ!» ብለው ያስቆሙት ነበር። ያ ቃል የሚሠራው ጉልበተኛውም ከበላዩ ሕግ እንዳለ ሲያምን ነው። የምንታገለው ያ ቃል በገዥና በተገዥ መካከል እንደገና እንዲሠራ ነው።

የተከበራችሁ መራጮች፤ በምርጫው ዕለት የመራጭነት ካርዳችሁን ይዛችሁ ከመጋረጃው ጀርባ ስትገቡ ማንም አይከተላችሁም፤ ምን እንደመረጣችሁ የማየት መብት ያለው ሹም የለም። ድምፃችሁን የምትሰጡት በዚያ መጋረጃ ተከልላችሁ ነው። ያ መጋረጃ ከምርጫ ጣቢያው ወጥቶ እስከ ቤታችሁ፣ እስከ ደብዳቤያችሁ፣ እስከ ስልካችሁ እንዲደርስ ምረጡን። ያን ጊዜ እናት ውጭ አገር ላለ ልጇ ስትደውል የልቧን ሳትሸሽግ ትነግረዋለች።

ሰላማችን በሕግ ይጠበቅ! ምስጢራችንም በሕግ ይከበር!

ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤታችሁ ስጡት።